«እረኛ ምን አለ?»፦ ጦርነት፣ መሪና የሕዝብ ድምፅ ከላስታ ሲታይ

ሰኔ 21 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት መካከል፣ የፌዴራሉ መንግሥት ሠራዊቱን ከመቀሌ አስወጥቶ የተናጠል ተኩስ አቁም አወጀ። ገበሬው ክረምቱን እንዲያርስ ነው ተባለ። ከ38 ቀናት በኋላ፣ ሐምሌ 29፣ የትግራይ ኃይሎች ወደ ላስታዋ ከተማ ላሊበላ ገቡ። ኅዳር 22 ቀን 2014 ከተማዋ ወደ መንግሥት እጅ ተመለሰች፤ ታኅሣሥ 3 ዳግም ተያዘች፤ ወሩ ሳያልቅ ደግሞ ተለቀቀች። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ አራት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች።

መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ ባንክ ተዘጋ። አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩና ሆቴል ቤት የምትሠራዋ ልጅ ኮሮና ከጣላቸው ሳይነሡ ጦርነቱ ደረሰባቸው። የላስታ ገበሬ በጎተራው ያለውን ለመጣው ሁሉ አካፈለ፤ አንዳንዴ ወዶ፣ ብዙ ጊዜ ተገዶ። ጦርነቱ ይጀመር፣ ይቁም፣ ሠራዊቱ ከዚህ ይውጣ፣ እዚያ ይግባ በተባለባቸው ስብሰባዎች ግን ከእነዚህ ሰዎች አንድም አልተቀመጠም።

ጥያቄያችን የሚነሣው ከዚህ ነው። ሕዝብ የጠላውን ወይም የሰለቸውን ጦርነት የሚመራ መንግሥት የሕዝቡን ድምፅ ሊሰማ ይገባዋል? ወይስ «እኔ የማውቀውን አያውቅም» ብሎ በያዘው መንገድ ሊቀጥል? ጥያቄው የቆየ ነው፤ በዓለም ዙሪያም ተመልሶ አላለቀም። በላስታ ግን የመጻሕፍት ክርክር ብቻ ሆኖ አያውቅም።

ሁለቱ ወገኖች ምን ይላሉ?

መሪ የሕዝብን ስሜት መከተል የለበትም የሚሉት ደካማ ክርክር አይደለም የያዙት። ጦርነት ምሥጢር አለው፤ የጠላት ኃይል፣ የስንቁ መጠን፣ የድርድሩ ውስጠ ነገር አደባባይ አይወጣም። የሕዝብ ስሜት ደግሞ ይለዋወጣል፤ በድል ማግሥት ያጨበጨበ በሽንፈት ማግሥት ያዝናል። እንግሊዛዊው የምክር ቤት አባል ኤድመንድ በርክ እ.ኤ.አ. በ1774 ለብሪስቶል መራጮቹ ይህንኑ ነግሯቸው ነበር፦ እንደራሴ ለመራጩ ያለበት ዕዳ ድካሙ ብቻ ሳይሆን የራሱ ፍርድም ነው፤ ፍርዱን ለመራጩ አስተያየት ከሠዋ ያገለገለ መስሎ ይከዳዋል።

በሌላው ወገን ያሉት ደግሞ ዋጋውን ማን ይከፍላል ብለው ይጀምራሉ። ልጁን የሚልከው፣ ከብቱ የሚታረድበት፣ ቤቱ የሚቃጠልበት ሰው ስለ ጦርነቱ ከማንም የበለጠ ያውቃል። ካርታውን ባያውቅ ዋጋውን ያውቃል። ስለዚህ ጦርነት ለባለሙያ ብቻ የሚተው ነገር ሊሆን አይችልም።

አሜሪካ በቬትናም ጦርነት ይህን አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1968 መጀመሪያ የቴት ጥቃት ከተከፈተ በኋላ ሕዝቡ «ልናሸንፍ ነው» የሚለውን የመንግሥት ቃል ማመን ተወ። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በመጋቢት ወር ዳግም እንደማይወዳደሩ ለሕዝብ ተናገሩ። የአሜሪካ ወታደሮች ጠቅልለው የወጡት ግን ገና እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። የሕዝብ ድምፅ መሪውን ለመጣል ፈጣን፣ ጦርነቱን ለማስቆም ግን አዝጋሚ ነበር። በኢራቅ ጦርነት ዋዜማ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2003፣ ለንደን በታሪኳ ካየቻቸው ታላላቅ ሰልፎች አንዱ ተደረገ፤ መንግሥቱ ግን ዘመተ። ቢሆንም የእንግሊዝ ምክር ቤት 412 ለ149 ድምፅ ሰጥቶበታልና ማን ደገፈ፣ ማን ተቃወመ የሚለው በስም ተመዝግቦ ቀርቷል። ይህ ምዝገባ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ በኋላ እንመለስበታለን።

ነገሥታቱ እንዴት ይሰሙ ነበር?

የሕዝብ ድምፅ የሚባለው ነገር ከውጭ የመጣ ትምህርት የሚመስላቸው አሉ። አማርኛ ግን የራሱ ጥያቄ አለው፦ «እረኛ ምን አለ?» የጥንት ገዦች የሀገሩን ስሜት ማወቅ ሲሹ እረኛ በመስክ ላይ ምን እንደሚያንጎራጉር ሰው ልከው ያስጠይቁ እንደነበር አባቶች ይናገራሉ። እረኛ ሹመት አይፈልግም፤ የቤተ መንግሥት ሰው ይሰማኛል ብሎም አይዘፍንም። በየማዕድ ቤቱና በየገበያው የሰማውን ነው የሚያወጣው። አዝማሪውም በሰምና ወርቅ፣ አልቃሿም በሙሾ ያንኑ ያደርሳሉ። ፊት ለፊት ሲናገሩት የሚያስቀጣው ነገር በግጥም ታዝሎ እልፍኝ ይገባ ነበር።

ይህ ልማድ ጉድለት አለው። ገዢው መስማት ካልፈለገ የሚያስገድደው የለም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የተባለውም በዚሁ ሀገር ነው። ሆኖም አንድ እውነት ይዟል፦ የሕዝብ ስሜት የሚታወቀው ለመሪው ታስቦ ከተዘጋጀ ጭብጨባ ሳይሆን መሪው በሌለበት ከሚባለው ነው።

የዐድዋ ዘመቻ መሪና ሕዝብ የተገናኙበት ምሳሌ ነው። መስከረም 1888 የወጣው የክተት አዋጅ ምክንያቱን ለሕዝቡ ነግሮ ነው የጠራው፤ ከየአቅጣጫው የመጣው ሠራዊትም ወሎ ውስጥ ወረኢሉ ላይ ከተተ። ሰዉ የዘመተበትን ያውቅ ነበር። በጠላው ጦርነት የተጠመደ ሕዝብ ግን ሌላ ጠባይ ያሳያል፤ ላስታና አካባቢዋም ይህን ደጋግመው አሳይተዋል።

ከመቅደላ እስከ ማይጨው፦ በእግር የተሰጠ ድምፅ

ዐፄ ቴዎድሮስ ሲነሡ ሽፍታና መሳፍንት ያስመረረው ገበሬ ተስፋ ጥሎባቸው ነበር። ዘመቻው ማብቂያ ሲያጣ፣ ሠራዊቱም ከገበሬው ጎተራ ሲበላ፣ ተስፋው ወደ ምሬት ዞረ። የዋጉን ሹም ገብረ መድኅንን አስገድለው ነበርና ልጃቸው ዋግሹም ጎበዜ ሸፈቱ፤ ዋግና ላስታም ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ወጡ። ጎንደር ከተዘረፈችና ከተቃጠለች በኋላ ከቴዎድሮስ ጋር የቀረው ሀገር ጥቂት ነበር። በ1860 የእንግሊዝ ጦር ከቀይ ባሕር ተነሥቶ ተራራውን ሁሉ አልፎ መቅደላ ሲደርስ በመንገዱ የተዋጋው የሀገር ጦር አልነበረም። የትግራዩ ካሣ ስንቅ እንዲያገኝ ረዱ፤ ጎበዜም አልከለከሉትም። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 በገዛ እጃቸው ሲሞቱ በዙሪያቸው የቀረው ሰው እጅግ ጥቂት ነበር።

የቴዎድሮስ ዓላማ ትንሽ አልነበረም፤ አንድ ሀገር ማድረግ ነበር። ችግሩ ዓላማውን የሚሸከመው ሕዝብ ትከሻው መቁሰሉን የሚነግርበት መንገድ ማጣቱ ነው። መንገድ ሲያጣ በእግሩ ተናገረ፤ ተለይቷቸው ሄደ።

ሁለተኛው ትምህርት ከላስታ ወደ ምሥራቅ፣ ከራያ ነው። የራያና አዘቦ ሰዎች በ1921 እና 1922 ዓ.ም. በማዕከላዊው መንግሥት ላይ ተነሥተው በኃይል ተደቆሱ፤ ብሶታቸው ግን ሳይሰማ ቀረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1928፣ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሠራዊት ማይጨው ላይ ተሸነፈ። ከአውሮፕላን ቦምብና ከመርዝ ጋዝ የተረፈው ወታደር ሲያፈገፍግ ጣሊያን ያስታጠቃቸው የራያና አዘቦ ተዋጊዎች መንገድ ላይ ጠበቁት። በሰላም ዘመን ያልተሰማ ብሶት በሽንፈት ሰዓት እንዲህ ይመለሳል።

ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ ሽሽት መካከል ወደ ላሊበላ ወጥተው ጸለዩ። አዲስ አበባ ሲደርሱ መኳንንቱን ሰብስበው መከሩ፤ ጥቂቶች አጥብቀው ቢቃወሙም አብዛኛው ወደ ውጭ እንዲሄዱ ደገፈ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 በባቡር ወጡ። ውሳኔው ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ ይሰማል። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ምክሩ በማን መካከል እንደ ነበር ማየት ነው። ለአምስት ዓመት በዱር በገደሉ የሚዋጋው አርበኛና የሚቀልበው ገበሬ በዚያ ጉባኤ ወንበር አልነበራቸውም።

ደርግ፦ ዘግይቶ መስማት

በሕይወት ያለው የላስታ ሽማግሌ አብልጦ የሚያስታውሰው የደርግን ጦርነት ነው። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ፤ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ወጣት ግዴታ ተጣለበት። አዋጁ ወደ ቀበሌና ወደ ገበሬ ማኅበር ሲወርድ ኮታ ሆነ፣ ኮታው ደግሞ አፈሳ። እናቶች ልጆቻቸውን ገደል ውስጥና ዋሻ ውስጥ ደበቁ። በዚያው ጊዜ ረሃቡ ወሎን መታ፤ ጥቅምት 1977 ደግሞ ሕወሓት ላሊበላን ለጊዜው ያዘ። ረሃብተኛው እህል ሲጠብቅ የጦር ግንባሩ በላዩ አለፈ።

መጋቢት 1980 አፋቤት ወደቀ፤ የካቲት 1981 ሽሬ ላይ ሠራዊቱ ተመትቶ መንግሥት ትግራይን ለቀቀ። ግንቦት 8 ቀን 1981 ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ ካነሣሧቸው ነገሮች ዋናው መጨረሻ ያጣው ጦርነት ነበር። ሙከራው ከሸፈ፤ ብዙ የሠራዊቱ ምርጥ መኮንኖች ተገደሉ። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ብሔራዊ ሸንጎው ያለ ቅድመ ሁኔታ የሰላም ድርድር እንዲደረግ ወሰነ። አትላንታና ናይሮቢ ላይ ከሻዕቢያ ጋር ንግግር ተደረገ፤ ፍሬ ሳያፈራ ቀረ፤ በሁለት ዓመት ውስጥም ሥርዓቱ ወደቀ።

የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ሰላም» የሚለውን ቃል የተናገሩት ሠራዊቱ ካለቀ በኋላ ነው። ልጁን ዋሻ የደበቀው የላስታ ገበሬ መልሱን የሰጠው ግን ከዓመታት በፊት ነበር። ዘግይቶ የሰማ መንግሥት የሚደራደርበት አንዳች ነገር በእጁ አይቀርም። የሕዝብን መሰላቸት በጊዜ መስማት ለመሪው ራሱም ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

ሕዝቡ ራሱ ጦርነት ሲፈልግስ?

እስከ አሁን ያልነው ሕዝብ ሁልጊዜ ሰላም፣ መሪ ሁልጊዜ ጦርነት የሚፈልግ ሊያስመስል ይችላል። እንደዚያ አይደለም። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ድጋፉ ብርቱ ነበር፤ በ1992 ሠራዊቱ ድል ሲያደርግ «ለምን ቆመ? አሰብ ድረስ ይዝለቅ» የሚለው ድምፅ ከፍ አለ። መንግሥት ግን ቆመ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 አልጀርስ ላይ ስምምነት ተፈረመ። በጥቂት ወራት ውስጥ መንግሥቱን ይመራ የነበረው ሕወሓት ራሱ ተሰነጠቀ፤ ጦርነቱ የቆመበት መንገድ ከክርክሮቹ አንዱ ነበር። የድንበር ኮሚሽኑ በ1994 ባድመን ለኤርትራ ሲወስን ሕዝቡ ደነገጠ። ውሳኔው ሙሉ በሙሉ ተቀባይነት ማግኘቱ የተነገረው ግንቦት 28 ቀን 2010 ነው፤ ያን ጊዜም ባድመና ኢሮብ ላይ ተቃውሞ ተሰማ።

በጥቅምት 2014ም መስቀል አደባባይ በብዙ አሥር ሺዎች ሞልቶ ለሠራዊቱ ድጋፍ ተሰጥቷል። ደሴና ኮምቦልቻ በተያዙበት ሰሞን የነበረውን ፍርሃትና ቁጣ ውሸት ማለት አይቻልም። የወሎ ሰው ራሱ «ይህ ኃይል ከቤቴ ይውጣልኝ» ይል ነበር፤ በመቀሌ ያለው ሰው ደግሞ ስለ ሌላው ወገን ጦር ይህንኑ ይል ነበር።

ስለዚህ «የሕዝብ ድምፅ» የሚባል አንድ ድምፅ የለም። ከግንባር የራቀው ከተሜ የሚፈልገውና ግንባሩ ላይ ያለው ገበሬ የሚፈልገው ይለያያል። በመጀመሪያው ሳምንትና በሁለተኛው ዓመት የሚሰማውም ይለያያል። ቀበሌ የጠራው ሰልፍ ሌላ፣ ሰው ለንስሐ አባቱ የሚናገረው ሌላ ነው። የሕዝብ ስሜት ይለዋወጣል የሚለው ልክ ነው። መድኃኒቱ ግን ጆሮ መዝጋት አይደለም፤ ጭብጨባን ከለቅሶ ለይቶ መስማት ነው። ከሁሉም በፊት ዋጋውን ከሚከፍለው ሰው መስማት።

ሕገ መንግሥቱ ምን ይላል?

በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥቶበታል። አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ለሦስት ነገሮች ተገዢ ነው ይላል፦ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው። የበርክ «ፍርድ» እና የመራጩ ፈቃድ በአንድ አንቀጽ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። መራጩ አመኔታ ካጣ ተወካዩን ሊያወርደው እንደሚችልም ተጽፏል። አንቀጽ 55 ደግሞ የጦርነት አዋጅ የሚያውጀው ይኸው ምክር ቤት መሆኑን ይናገራል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ረቂቁን ያቀርባል፣ እንደራሴዎቹ ይወስናሉ።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 የጀመረው ጦርነት በዚህ በር አልገባም። ስሙ «የሕግ ማስከበር ዘመቻ» ነበር፤ በሕግ በኩል የታወጀው በትግራይ ላይ የስድስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው። ሚያዝያ 28 ቀን 2013 ምክር ቤቱ ሕወሓትንና «ሸኔ»ን በሽብርተኝነት ፈረጀ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ጦርነቱ ሲቆም፣ ፊርማው የፌዴራሉ መንግሥትና የሕወሓት ነበር። የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪ የነበሩት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ እስከ 600 ሺህ ሰው ሳይሞት እንዳልቀረ ተናግረዋል። ይህን የሚያህል እልቂት ባለፈበት ጦርነት «ጦርነት ይታወጅ» ተብሎ እጅ የተቆጠረበት ቀን የለም። ከ149ኙ የእንግሊዝ ተቃዋሚዎች ጋር የሚነጻጸር መዝገብ ስለሌለን የላስታ መራጭ ተወካዩን «ያን ቀን ምን አልክ?» ብሎ መጠየቅ አይችልም። ጦርነትን በስሙ አለመጥራት የሚያስከትለው ትልቁ ጉዳት ይህ ነው፤ ተጠያቂው ይጠፋል።

ከፕሪቶሪያ በኋላ

ሰላሙ ሲመጣ በላስታ የደስታና የጥርጣሬ ስሜት አንድ ላይ ነበር። ጥይቱ ቆመ፤ ምዕመኑም ለገና ወደ ላሊበላ ተመመ። ነገር ግን በአማራ ክልል ብዙ ሰው «በእኛ ምድር የተደረገ ጦርነት ሲቋጭ እኛ የት ነበርን?» አለ። መጋቢት 2015 የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ሲወሰን ጎንደርንና ቆቦን ጨምሮ በብዙ ከተሞች ሰው ለተቃውሞ አደባባይ ወጣ። መንግሥት ልዩ ኃይሉ በሕገ መንግሥቱ ቦታ እንደሌለውና ውሳኔው ለሁሉም ክልል እኩል መሆኑን አስረዳ። ነገሩ በሕግ ዓይን ሊያስኬድ ይችላል። ከሁለት ዓመት በፊት በሩ ተሰብሮ የተገባበት ሰው ፍርሃት ግን በሕግ ማብራሪያ ብቻ አይበርድም፤ ቁጭ ብሎ የሚሰማው ይፈልጋል።

ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ ውጊያው ፈነዳ። የፋኖ ታጣቂዎች የላሊበላን አውሮፕላን ማረፊያ ያዙ፤ በረራ ተቋረጠ። ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፤ ምክር ቤቱ ነሐሴ 8 አጸደቀው፣ ጥር 24 ቀን 2016 ደግሞ በአራት ወር አራዘመው። አዋጁ በወጣበት ሰሞን የምክር ቤቱ አባል ክርስቲያን ታደለ ታሰሩ። በአንድ ሰው ፖለቲካ መስማማት አለመስማማት ይቻላል፤ በጦርነት ጊዜ የተመራጭ አንደበት ሲዘጋ ግን መንግሥት ራሱ የሚሰማበትን ጆሮ ነው የሚቀንሰው። ኅዳር 2016 ውጊያው ላሊበላ ከተማ ውስጥ ሲገባ፣ ስምንት መቶ ዓመት የቆሙት ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በከባድ መሣሪያ ንዝረት እንዳይጎዱ ተሰጋ። ጫካ ያለው ታጣቂም ከዚህ ጥያቄ ነጻ አይደለም። በሕዝብ ስም ነፍጥ ያነሣ ሁሉ፣ መንገድ ሲዘጋና ትምህርት ቤት ሲቆም ሕዝቡን ጠይቆ እንደሆነ መልስ ይጠበቅበታል።

መስማት ማለት ምን ማለት ነው?

መሪ የሕዝብን ድምፅ ይሰማ ማለት በየማለዳው አቋሙን ይቀያይር ማለት አይደለም። ሕዝቡ ሊጠየቅ የሚገባበት ጊዜ ግን አለ። ሲጀመር፣ ጦርነቱ በስሙ ተጠርቶ ምክር ቤት ይግባ፣ እጅ ይቆጠር፣ ይመዝገብ። ሲቀጥል፣ ጋዜጠኛው ግንባር ይድረስ፣ የሞተው ይቆጠር፣ ልጁን የሰጠ ቤተሰብ መርዶውን በጊዜው ይስማ፤ ያልተነገረው ሕዝብ ሊፈርድ አይችልምና። ሲቋጭ ደግሞ፣ ጦርነቱ ያለፈበት ወረዳ ሽማግሌዎች፣ ካህናትና ሴቶች በድርድሩ ዙሪያ ቦታ ይኑራቸው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሁለት የተጋደሉ ቤተሰቦችን ሲያስታርቅ የላስታ ሽማግሌ ገዳይና ሟች ወገንን ብቻ አይጠራም፤ ጎረቤቱንም ይጠራል፣ እርቁን የሚጠብቀው እርሱ ስለሆነ።

ታኅሣሥ 2014 የተቋቋመው የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን ለዚህ ዓይነቱ መስማት የታሰበ ነው፤ ዘመኑም የካቲት 2017 በአንድ ዓመት ተራዝሞለት ነበር። ነገር ግን ተኩስ በሚሰማበት ወረዳ አጀንዳ መሰብሰብ ከባድ ነው። ዛሬ የተናገረው ነገ ማን እንደሚመጣበት ስለማያውቅ ሰው ዝም ይላል።

ያንን ዝምታ እንደ ድጋፍ የሚቆጥር መሪ ይሳሳታል። አራት ጊዜ እጅ በተለዋወጠች ከተማ የኖረ ሰው ዝምታን የተማረው ለመዳን ነው። ለመጣው ሁሉ «እሺ» ብሏል፤ ለመጣው ሁሉም እንጀራ አቅርቧል። ከቴዎድሮስ ጀምሮ የታየው ግን ዝም ያለው ገበሬ አንድ ቀን በእግሩ እንደሚናገር ነው፤ ያን ቀን የሰማ መሪ ሁሉ የሰማው ሊጠቀምበት በማይችልበት ሰዓት ነበር። እረኛው ዛሬም በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ከብቱን ይነዳል። ምን እንዳለ መጠየቅ ያለበት ጦርነቱ ሳይወሰን ነው።